ከአልጋ ወደ አልጋ የተሸከምሁት

የማንንም ስም አልጠራም። ማን ማን እንደነበረ ግን አስቀድሜ ልናገር።

መጀመሪያ የኔታ ናቸው። ቄስም የድጓ መምህርም ነበሩ። ዐይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስኳር ሕመም ስላለባቸው ግራ ተረከዛቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበረባቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ እማሆይ፤ ከደሴት ገዳም አርጅተው የመጡ፣ ወገባቸው አልታዘዝ ብሎ ከአልጋ የማይወርዱ፣ አንደበታቸው ግን ማንንም የማይምር። ሲስተር ነርሳችን ናት፤ ከሐዋሳ በኩል ለሥራ የመጣች ወጣት። የየኔታ የእህት ልጅ ቆላ ድባ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ኩንታል ብቻውን የሚሸከም ጉልበተኛ ነው። ከዚያ ልጄ አለ፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው እኔ ነኝ።

ሁላችንም የተገናኘነው ዓባይ ማዶ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አሥራ አራት አልጋ አለው። እኔ ቁስል አጣቢ ነበርሁ። ልጄን ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አረጋውያኑን ያነሣል፣ ያጥባል፣ በአልጋቸው ላይ ያገላብጣል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር እንጨትና እህል በሚያመላልስ የጭነት ጀልባ ላይ ስሠራ ነው፤ ያስተማረኝ በሸቀጥ ካርቶን ላይ የታተመ ጽሑፍ ነው። ሕክምናውንም የጀመርሁት እዚያው ነው። አንድ ቀን ማዕበል ጀልባውን ከመውረጃው ድንጋይ ጋር ሲያላትመው ገመዱ የባልደረባዬን መዳፍ ገሸለጠው። ቆዳው እስከ አንጓው ተገልብጦ ተንጠለጠለ፤ ሰውዬው እጁን በሌላው እጁ ይዞ እንደ ከብት ይጮኻል። ሐኪም በአካባቢው አልነበረም። ከሱቅ ባለ ሁለት ቀለም ካፕሱል በፍሬ ገዝቼ፣ ከፍቼ፣ ዱቄቱን ነሰነስሁበት። በአራተኛው ቀን ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ በጀልባ ላይ የተጎዳ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ከመድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን ወረቀት እየሰበሰብሁ፣ ያልገባኝን ቃል ከመዝገበ ቃላት እያመሳከርሁ አነበብሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ነው የተማርሁት እያልሁ እኮራ ነበር። ማንም ያላስተማረው ሰው ማንም እንደማያርመው ግን አላሰብሁም።

መጦሪያው ውስጥ አንድ የሻይ ቆርቆሮ ነበረኝ። አረጋዊ ሲሞት ወይም ሲሻለው የተረፈውን አንቲባዮቲክ እዚያ አጠራቅማለሁ። ማባከን ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም እምነቴ አልተለወጠም። ለሚያስለው ሁለት ፍሬ፣ ለሚያተኩሰው ሦስት እሰጣለሁ፤ ትንሽ ሲቀልለት አቁሜ ቀሪውን ለሌላው አስቀምጣለሁ። ቁስል ሲመግል ደግሞ እንደ ጀልባው ጊዜ ካፕሱሉን ከፍቼ እነሰንሳለሁ። ሲስተር ከመምጣቷ በፊት ይህን ሁሉ ስሠራ ተው ያለኝ አልነበረም። ከመጣች በኋላ ተው አለችኝ። ቆርቆሮውን ከመድኃኒት ክፍሉ አውጥቼ አልባሳት ማስቀመጫው ውስጥ ደበቅሁት።

ልጄን ያሳደግሁት በአለንጋ ነው። ነገሩን አላሳምረውም። ሲዋሽ ገርፌዋለሁ፣ ሲዘገይ ገርፌዋለሁ፣ ቁራሽ ሲጥል ገርፌዋለሁ። የጀርባው ቆዳ ላይ ዛሬም የሚታይ ሰንበር አለ፤ ያንን ያወጣሁት በዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለምን እንደገረፍሁት ግን ረስቼዋለሁ። ሰው አድርጌዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

እዚያ ግቢ ሲገባ ሲስተር ያለችውን ሁሉ እንደ ጸሎት ያዘ። ከአንድ አልጋ ወደ ሌላው ሲሻገር እጁን ይታጠባል። ጓንቱን ለአንድ ሰው ተጠቅሞ ይጥላል። እኔ ደግሞ በአንድ ጓንት አምስት ሰው አጥብበታለሁ፤ በመሐል በውኃ አለቃልቀዋለሁ።

«የአባትህ ገንዘብ ነው እንዴ ጓንቱ?» አልሁት አንድ ቀን።

«አባባ፣ የአንዱን ቁስል ለሌላው እንዳንሰጠው ነው።»

«እኔ ቁስል ሰጪ ነኝ?»

ጓንቱን ጣለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ይህንንም እንደ ንቀት ቆጠርሁበት።

የኔታ የእጅ መስቀል ነበራቸው። በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው ከትራሳቸው ሥር ያኖሩታል። ዘወትር ጠዋት ቁስላቸውን ካጠብሁ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጬ ከአልጋ ወደ አልጋ እገፋቸዋለሁ። እሳቸው ያሳልማሉ፤ ሰዉ በግንባሩና በከንፈሩ ይሳለማል። የሚያነጥሰው ያነጥስበታል፤ የሚያስለው ያስልበታል። እኔ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ መስቀሉን በዚያው ቀይ ጨርቅ ጠርጌ እመልስላቸዋለሁ። ይህን ሥርዓት ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። መጀመሪያ የምሳለመው እኔ ነበርሁ፤ አፍንጫዬን እስኪነካኝ ድረስ አስጠግቼ።

ያ ጨርቅ ታጥቦ አያውቅም። ከመምህራቸው የተረከቡት ነው። የስንት ሰው እንባ የጠጣ ጨርቅ በሳሙና አይነካም ብዬ እኔው ፈረድሁ። የኔታን ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸው ዐይን የላቸውም፤ ጨርቁ ምን እንደሚመስል አያዩም።

መጀመሪያ የከፋው የእማሆይ ነው። ከወገባቸው በታች የነበረው የአልጋ ቁስል ሰፋ፤ ጠርዙ ጠቆረ፤ ሽታው በር ላይ ይቀበል ጀመር። ሲስተር የሞተው ሥጋ መቆረጥ አለበት አለች። ልጄ ትከሻቸውን ያዘ፤ እኔ እግራቸውን ያዝሁ፤ እሷ በመቀስና በመቆንጠጫ ጀመረች። ማደንዘዣው የላይኛውን እንጂ የታችኛውን አልያዘላቸውም። ሲስተር አንዱን ጥቁር ሥጋ ስባ ስትቆርጥ ሥሩ ሕያው ነበርና ደሙ ፈንጥቆ የልጄን ደረት አለበሰው። እማሆይ አንሶላውን በጥርሳቸው ቀደዱ። እግራቸው ከእጄ አምልጦ አገጬን መታኝ።

ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ጀልበኛው» አሉኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። «ስልሳ ዓመት ስሰግድ አንድም ሰው አልረገጥሁ። ዛሬ ተኝቼ አንተን ረገጥሁ።»

«ምንም አይደል፣ እማሆይ።»

«ለአንተማ ምንም አይደል። ለእኔ ንስሐ ነው።»

ሲስተር ከቁስሉ ናሙና ወስዳ ላከች። ከየኔታ ተረከዝም ወሰደች። ካልቸር የሚባለው ምርመራ ቀናት ፈጀ። ውጤቱ ሲመጣ ሠራተኞቹን ሰብስባ፣ የሚሰሙት አረጋውያንም እየሰሙ፣ ሁለቱም ቁስል ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እንደሆነና መድኃኒት እንደለመደ ነገረችን። እኛ ዘንድ ያለው አንቲባዮቲክ አብዛኛው አይነካውም አለች።

«መድኃኒት ለመደ?» አሉ እማሆይ ከአልጋቸው። «እኔ ሦስት ዓመት ተኝቼበት ይህን ፍራሽ አልለመድሁትም። እሱ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው?»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሲስተር ትእዛዝ አወጣች። እጅ በየአልጋው ይታጠባል። ጓንት አይደገምም። ፍሬ መድኃኒት ያለ እሷ ማንም አይሰጥም። ይህን ስትል ወደ እኔ አየች። የሠራተኛው ሁሉ አፍንጫ በጥጥ ዘንግ እየተጠረገ ይመረመራል፤ ሳይታመሙ ጀርሙን ተሸክመው የሚያዞሩ ሰዎች አሉና። መስቀሉም ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር በአልኮል ይጠረጋል።

በማግሥቱ ጠዋት የኔታን ስገፋ አልኮሉን ይዛ መጣች። እጇ ወደ መስቀሉ ሲዘረጋ መታኋት። ጠርሙሱ ከእጇ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። መሐል ጣቷ ተቆርጦ ደማ።  ጣቷን ይዛ ቆመች።

«ምንድነው የተሰበረው?» አሉ የኔታ።

«መስቀሉን በአልኮል ልትጠርግ ነው፣ የኔታ።»

«እና አንተ ምን አደረግህ?»

የጠርሙሱን ስባሪ በእግሬ ወደ ጥግ ገፋሁት።

«ልጄ፣ በጥምቀት ስንት ዘመን ውኃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። ታጥቦ የረከሰበት ቀን የለም። ነዪ እመቤት፣ ጥረጊው። እጅሽንም አምጪው ልባርከው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንተ ለመስቀሉ ስትቆጣ ለራስህ ነው የተቆጣኸው።»

እውነት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስቀሉ ተጠረገ። እኔ ግን አልኮሉ እርጥበት ይተዋል ብዬ፣ ሲስተር ወደ ቀጣዩ አልጋ ስትዞር፣ በቀዩ ጨርቅ አደርቀው ነበር። አስቡት። እሷ ታጸዳለች፤ እኔ ከኋላዋ እመልሰዋለሁ። ያየኝ ልጄ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ጨርቁም ይታጠብ እንጂ።»

በጥፊ መታሁት። ቀለል ያለ ጥፊ አልነበረም፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የኔታ ፊት ሲደርስ በከንፈሩ መሳለሙን ተወ። ጎንበስ ብሎ ግንባሩን እንኳ ሳያስነካ ያልፋል። የኔታ ዐይነ ስውር ስለሆኑ አያውቁም። እኔ አያለሁ። ልጄ ከሃይማኖት ወጣ አልሁ በልቤ። እጁ በየደቂቃው የሚታጠበው ኅሊናው ስለቆሸሸ ነው አልሁ። ያኔ እንዲህ ነበር የማስበው።

እማሆይ በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ጀርሙ ከቁስሉ ወደ ደማቸው ገብቶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ተንቀጠቀጡ፤ አልጋው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። የማያውቁትን ሰው ይሰድቡ ነበር፣ ተነሥተው ሊሄዱ ይታገሉ ነበር፤ እኔና ልጄ ግራና ቀኝ ሆነን ያዝናቸው። የልጄን አንጓ በጥፍራቸው ሞነጨሩት። ሲያርፉ የጨበጡትን ጣታቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። የተረፋቸውን ካፕሱል ቆጥሬ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተትሁ።

ከዚያ የየኔታ እግር ተራ ሆነ። ተረከዙ ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሲስተር ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት ተባለ። የአፍንጫችን ምርመራ ውጤት ገና አልደረሰም ነበር።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ገደማ የእህታቸው ልጅ መጣ። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ቆላ ድባ ተቀምጧል። ወደ ሆስፒታሉ ቀድሞ ሄዶ አይቷቸዋል። ግቢያችን ሲገባ ሽመሉን እንደያዘ ነው፤ አቧራው ከፊቱ አልተጠረገም።

«እዚህ ሳስገባቸው በሁለት እግራቸው ቆመው ነበር» አለኝ። «ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

ቁስሉን የማጥበው እኔ መሆኔን ያውቃል። ዐይኑ እኔ ላይ ነው። ሽመሉን የያዘበት ጡንቻ ሲወጠር አየሁት፤ ፈራሁ። ያን ጊዜ ልጄ ግቢው ጥግ ላይ የታጠበ አንሶላ ያሰጣ ነበር።

«እኔ ሃያ ዓመት ቁስል ሳጥብ ማንም አልሞተብኝም» አልሁት። ውሸት ነው። «ይልቅስ ያንን ተመልከት። በየአልጋው የሚዞር እሱ ነው። ሲስተር ሠራተኛ ውስጥ ጀርሙን የሚያዞር አለ ብላለች። ውሎው መጠጥ ቤት ነው። መስቀል እንኳ መሳለም ትቷል።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ።»

አባት በልጁ ላይ ሲመሰክር ማን ይጠራጠራል? ሰውዬው ወደ ልጄ ሄደ። ልጄ አንሶላውን በእጁ እንደያዘ ዘወር አለ፤ ሰላም ሊል ጎንበስ ብሎም ነበር። ሽመሉ ወደ ጭንቅላቱ ሲወርድ ቀኝ ክንዱን አነሣ። ድምፁን እዚያ በሩ አጠገብ ሆኜ ሰማሁት። ክንዱ መሐል ላይ ተጠማዝዞ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጣ። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ በጉልበቱ ወደቀ። አንሶላው ላይ ደም ሲረጭ አየሁ።

ልገላግለው እችል ነበር። ከእኔ እስከ እሱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ቆምሁ። ይበለው አልሁ። ይህን ቃል በአፌ አላወጣሁትም፤ ግን ብያለሁ።

«አባባ!» አለ ልጄ።

ሦስተኛው ምት ወደ ጭንቅላቱ ሲነሣ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ሽመሉን ከኋላ ይዤ ተንጠለጠልሁበት። ሰውዬው በክርኑ አፌን ሰበረኝ፤ ሁለት ጥርስ ተፋሁ። ዘበኛውና መንገድ ላይ የነበሩ ባጃጅ ነጂዎች ገብተው ለአራት ይዘው አስጣሉት፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። እየተጎተተ፣ «አባቱ ነው የነገረኝ!» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ሰማው።

አሁን የምናገረው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ገና ቀን ነበር። ባጃጆቹ በር ላይ ቆመዋል። ድልድዩን ቢሻገሩ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ማን መታው፣ ለምን መታው፣ ማን ነገረው እያሉ እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ። እስከ ነገ እኔ እበቃዋለሁ ብዬ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወሰድሁት። ሲስተር ሆስፒታል ከየኔታ ጋር ናት።

ክንዱን በውኃ አጠብሁት። አንዱ ሠራተኛ ደረቱን ይዞት፣ እኔ እጁን ስቤ አጥንቱን ወደ ቦታው መለስሁት። ከመመለሱ በፊት ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ልጄ ፎጣውን ነክሶ ጮኸ፤ ከዚያ ራሱን ሳተ። ከአልባሳት ማስቀመጫው ቆርቆሮዬን አመጣሁ። የእማሆይን አምስት ካፕሱል ከፍቼ ዱቄቱን በተከፈተው ሥጋ ውስጥ ነሰነስሁት፤ በጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ አስገባሁት። ጓንት አላደረግሁም። ከአፌ የሚወርደውን ደም በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ ነበር የምሠራው። ሁለት ቀጭን እንጨት አስደግፌ በፋሻ አሰርሁት። ሲነቃ ግንባሩን ሳምሁት። ከልጅነቱ ወዲህ ስስመው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታል ወስጄው ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ ፊቱን አጠቆረ።

«ይህን ዱቄት ማን ነሰነሰው?»

«እኔ።»

«ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ለምን ነኩት?» አለኝ። ዱቄቱን ማጠብ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ወረቀት ይዛ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አገኘችኝ። ጣቷ ላይ ያለው ፋሻ ገና አልወለቀም።

«ጋሼ፣ የሠራተኞቹ ውጤት ደርሷል።»

«ልጄ ምን ሆኖ ተገኘ?»

«ልጅዎ ንጹሕ ነው። የተገኘው በእርስዎ አፍንጫ ነው። ከየኔታና ከእማሆይ ቁስል የተገኘው ዓይነት።»

«እኔ እኮ አላመመኝም።»

«አያምዎትም። ይሸከሙታል እንጂ አያምዎትም።»

«ስለዚህ እኔ ነኝ የገደልኋቸው።»

«ከእርስዎ ወደ እነሱ ይሂድ፣ ከእነሱ ወደ እርስዎ ይምጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምርመራውን ያደረግነው ሰው ለመወንጀል አይደለም። ማን ምን ተሸክሟል፣ እንዴት እናቁመው ለማለት ነው። ተሸካሚ ጥፋተኛ ማለት አይደለም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የልጅዎን ክንድ ማን አጠበው?»

አየኋት። ገባት። ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ክፍሉ ሮጠች።

ከክንዱ ናሙና ተወሰደ። ያው ነበር። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጊዜ ከፍተው ጠረጉት፤ ከአዲስ አበባ የመጣ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። በየቀኑ ፋሻው ሲፈታ እግሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ። እጁ አበጠ፤ ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ትኩሳቱ እማሆይን እንዳንቀጠቀጠ አንቀጠቀጠው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ከክርኑ በታች ካልቆረጥን ይሞታል አለ። የስምምነት ወረቀቱ ላይ ልጄ ራሱ በግራ እጁ ፈረመ። ፊርማው የሕፃን ጽሕፈት ይመስላል።

ከመግባቱ በፊት ነገርሁት። ጀርሙ የእኔ መሆኑን፣ ለሰውዬው የጠቆምሁት እኔ መሆኔን፣ ሲመታ ቆሜ ማየቴን። ሁሉንም።

«አውቄዋለሁ» አለ።

«የትኛውን?»

«ጥቆማውንማ ሰውዬው ሲጮኽ ሰማሁ። የጨርቁን ግን ፊትም አውቃለሁ።»

«ለምን ጠንከር አድርገህ አልነገርኸኝም?»

«ነግሬዎት ነበር፣ አባባ። በጥፊ መለሱልኝ።»

ወሰዱት። የክንዱን ቁራጭ በቢጫ ከረጢት አድርገው ሲያወጡ አልፎኝ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌዎች አስታረቁን። የየኔታ ወገኖች ናቸው ሽማግሌ የላኩት። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀመጥን። የእህታቸው ልጅ በዋስ ወጥቶ መጥቷል። ልጄ ባዶ እጅጌውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ትልቁ ሽማግሌ የልጅህን ክንድ ካሳ ተናገር አሉኝ።

«ስብራቱ የእሱ ነው» አልሁ። «የተቆረጠው ግን በእኔ እጅ ነው። ለዚህ ሰው ልጄን የጠቆምሁለት እኔ ነኝ። ያልሠራውን ሠራ ብዬ ነው የነገርሁት። ሲመታም ቆሜ አይቻለሁ። ካሳ አልቀበልም።»

 አንዱ ሽማግሌ፣ «ከሳሽ ሆኖ መጥቶ በተከሳሽ ቦታ የተቀመጠ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። ማንም አልሳቀም።

የእህታቸው ልጅ ተነሥቶ ልጄ ጉልበት ላይ ወደቀ። «ወንድሜ፣ አንተን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።»

«አባቴን ጠየቅህ» አለ ልጄ። «አባት ሲነግርህ አመንህ። እኔም ብሆን አምን ነበር። ተነሥ።»

እኔን ግን ተነሥ አላለኝም። እኔም አልወደቅሁም። አባት በልጁ እግር ላይ አይወድቅም ብዬ ነው፤ ዛሬ ቢሆን እወድቅ ነበር።

ልጅ ያላችሁ፣ አረጋዊ የምትጦሩ ሰዎች ይህን ብታነቡ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የተረፈ መድኃኒት አታጠራቅሙ፤ ቁስል ላይ ዱቄት አትነስንሱ፤ የጀመራችሁትን መድኃኒት ሐኪሙ እስካለው ቀን ጨርሱ፤ እጃችሁን ታጠቡ። ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ሌላው ይከብዳል፤ በደለኛ ለማግኘት አትቸኩሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ ሕመሙን ሊያቆም ሲሞክር፣ ኃጢአተኛ ፍለጋ የያዝሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ኃጢአተኛው ደግሞ ልጄ እንዲሆን የመረጥሁት ከእኔ የተሻለ ስለሚሠራ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። እማሆይ ሞቱ። የኔታ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ ዛሬም እዚያው አልጋ ላይ ናቸው፤ መስቀላቸውን ከሩቅ ያሳያሉ እንጂ አያሳልሙም። የእህታቸው ልጅ ዕርቁ ቢወርድም ክሱን መንግሥት ስለያዘው ስምንት ወር ታሰረ፤ የእህል ንግዱ ፈረሰ። ሲስተር ጣቷ ዳነ፤ ሥራዋን ለቅቃ ወደ አገሯ ሄደች። ልጄ ቀኝ ክንዱን አጣ፤ አዲስ አበባ ነው፤ ለእናቱ ይደውላል። ከእኔ ሁለት ጥርስ ወጣ፤ አምስት ቀን በአፍንጫዬ ቅባት ተቀባሁና ጀርሙ ለቀቀኝ።